ኤንተር ሳንድማን

ኤንተር ሳንድማን (በግርድፉ «የአሸዋው ሰው ይገባል») የአሜሪካው የሄቪ ሜታል ባንድ ሜታሊካ ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን፣ በባንዱ ስም የተሰየመውና «ጥቁሩ አልበም» ተብሎ የሚታወቀው አልበም የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ነበር። ዜማውን ከርክ ሃሜት፣ ጄምስ ሄትፊልድና ላርስ ኡልሪክ ደረሱት፤ ግጥሙ የሄትፊልድ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ልጅ በመኝታ ሰዓት የሚይዘው ፍርሃትና ቅዠት ነው።

ሳንድማን በአፈ ታሪክ

በአውሮፓ ተረት ሳንድማን ሌሊት እየመጣ በልጆች ዓይን ላይ አሸዋ በመነስነስ የሚያስተኛቸው ፍጡር ነው። ጠዋት የሚታየው ዓይናር የእርሱ አሸዋ ነው ይባላል። በአብዛኛው ደግ ነው። ሆኖም ጀርመናዊው ደራሲ ኤ. ቴ. አ. ሆፍማን በ1816 ባወጣው ታሪክ ውስጥ አልተኛም ያሉ ልጆችን ዓይን አውጥቶ የሚወስድ አስፈሪ አድርጎ ሥሎታል።

ትርጉም

በዘፈኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ልጁን ያስተኛል፣ ጸሎት ያስደርሰዋል፣ ያባብለዋልም። ነገር ግን የማባበያው ቃል ቀስ በቀስ ወደ ማስፈራሪያ ይለወጣል። እንቅልፍ አምጪው ሳንድማን ራሱ ቅዠት ይዞ ይመጣል። «ኤንተር» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ተውኔቶች አንድ ገጸ ባሕርይ ወደ መድረክ መግባቱን ያመለክታል።

በመካከሉ ትልቁ ሰውና ልጁ እየተቀባበሉ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ የልጆች የመኝታ ጸሎት ይደግማሉ። ጸሎቱ እግዚአብሔር ነፍስን እንዲጠብቅ፣ ልጁ ሳይነቃ ቢሞት ደግሞ እንዲቀበላት ይለምናል። ስለዚህ ሊያጽናና የታሰበው ጸሎት ራሱ ሞትን ያነሣል። ዘፈኑ የሚያጎላውም ይህንኑ በማጽናኛ ውስጥ ያለ ፍርሃት ነው።

የግጥሙ አመጣጥ

የመጀመሪያው ግጥም ሕፃናት በተኙበት በድንገት ስለሚሞቱበት ሁኔታ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ቦብ ሮክና ኡልሪክ ቃላቱ ለዜማው እንደማይመጥኑ ስለነገሩት ሄትፊልድ እንደገና ጻፈው። ሞት በቀጥታ መጠራቱ ቢቀርም፣ በእንቅልፍና በሞት መካከል ያለው ቅርበት በጸሎቱ በኩል ቆይቷል።

ተጽዕኖ

ዘፈኑ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ 16ኛ ደረጃ ደርሷል። ከ1999 ጀምሮ የኒው ዮርክ ያንኪስ ቤዝቦል ተጫዋች ማሪያኖ ሪቬራ ጨዋታ ለመደምደም ወደ ሜዳ ሲገባ ይከፈት ነበር። በዚያ «የሚያስተኛው» ተጋጣሚውን ቡድን ነው።