ከሊማሊሞ ኬላ እስከ ፋይዳ፦ ማን መሰከረ፣ ማንስ አየ?

ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ የወገራን ደጋ አቋርጦ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞ አፋፍ ሲደርስ፣ መንገደኛው ለኬላው ሰዎች ማንነቱን ማስረዳት ነበረበት። ዛሬ በዚያው ደጋ የሚኖር ሰው በእጅ ስልኩ የአንድ ድርጅት መተግበሪያ ከፍቶ ፋይዳ በተባለው የዲጂታል መታወቂያ ቁጥሩ ሊገባ ሲሞክርም ስለ እርሱ ሌላ አካል እንዲመሰክርለት ይጠበቃል። ሁለቱን ማመሳሰል ቀላል ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ልዩነታቸው ነው፤ ይኸውም ምስክሩ የሰጠው ቃል የት የት እንደተነበበ ያውቅ ነበርን፣ ዛሬስ ያውቃልን የሚለው ጥያቄ ነው።

ለጥንቱ ዘመን በጽሑፍ ከቀሩልን ምስክሮች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በየካቲት 1770 በሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ጎንደር ገባ። ብሩስን ያለ ጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ግን ይሳሳታል። መጽሐፉን ያሳተመው ከ20 ዓመት በኋላ በ1790 ሲሆን፣ አብሮት የተጓዘውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ የሉዊጂ ባሉጋኒን ሞት ከእውነተኛው ጊዜ አስቀድሞ በመጻፍ፣ የዓባይን ምንጭ ብቻውን ያየ አስመስሏል። እንዲህ ባለ ጸሐፊ ላይ ጀብዱውን ሳይሆን፣ ለጀብዱው የማይጠቅመውን ዝርዝር ማመን ይሻላል፤ ስለ ደብዳቤዎቹ የጻፈው በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ከመካ ሹማምንት አንዱ የሆነው ሜቲካል አጋ የጻፈለት ደብዳቤ ናይብ ለሚባለው የምጽዋ ገዥና ለትግራዩ ገዥ ለራስ ሚካኤል ስሑል የተላከ ነበር። አድዋ ሲደርስ የተቀበለው የራሱ የሚካኤል ሹም የነበረው ግሪካዊው ጃኒ ነበር። ናይቡ ደብዳቤውን እያየም መንገደኛውን ለሳምንታት አቆየው፤ በሊማሊሞም የኬላ ሰዎች እንደገጠሙት ብሩስ ራሱ ይተርካል። ከዚህ የምንረዳው፣ በየበሩ ያለው ሹም የሚያከብረው ምስክር የተለያየ ስለነበር፣ መንገደኛው በአንድ ወረቀት አገሩን ማቋረጥ እንዳልቻለ ነው።

ብሩስ ከመምጣቱ 70 ዓመት ገደማ በፊት የሆነው የሙራድ ጉዳይ የዚህ አሠራር ደካማ ጎን የት እንደነበር ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ገብቶ አጼ ኢያሱን ካከመ በኋላ በ1700 ሲመለስ፣ ሙራድ የተባለ ሰው የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ ተከተለው። ካይሮ ሲደርሱ ግን የፈረንሳይ ቆንስሉ ደ ማዬ የሙራድን መልእክተኛነት ተጠራጠረ፤ ፖንሴም በአገሩ ውሸታም ተባለ። ጥርጣሬው አግባብ ነበርን? የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚለያዩበት ነው። ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጠው፣ ቆንስሉ ሐቁን ለማረጋገጥ ቢፈልግ እንኳ ጎንደርን ወዲያው የሚጠይቅበት መንገድ ያልነበረው መሆኑ ነው። ወረቀት ከላኪው እጅ ከወጣ በኋላ ላኪው ስለ ወረቀቱ ወዲያው የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ይህም ለመንገደኛው አንዳንዴ ጉዳት፣ አንዳንዴም ነፃነት ነበር።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ምስክሩ ወደ ሰፈር ወረደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ የቀበሌ መታወቂያ፣ የይለፍ ወረቀትና መሸኛ የዕለት ተዕለት ሕይወት አካል ሆኑ። በአዋጆቹ ላይ ቀበሌ የቤትና የመሬት ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ሲታይ፣ በዘመኑ የኖሩ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ግን የሚወጣውንና የሚገባውን የሚቆጣጠር ዓይን ነው። እነዚህ ሁለት ምንጮች የሚጋጩ ቢመስሉም፣ አንዱ የተጻፈውን ሥልጣን፣ ሌላው የተፈጸመውን ስለሚነግረን ሁለቱንም መያዝ ግድ ይለናል።

የቀበሌ ወረቀት ኃይሉ ሊቀመንበሩ ነዋሪውን በመልክ በማወቁ ላይ ነበር፤ ድካሙም ከዚያው ይመነጫል። ደባርቅ ላይ የወጣ መታወቂያ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ተቀባዩ የሚመረምረው ክብ ማኅተሙን፣ ፊርማውንና ቲተሩን ብቻ ነበር፤ ቲተር ደግሞ ማንም ያስቀርጸዋል። ሰው ቦታ ሲለቅ መታወቂያው ይወድቃል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ከቤታቸውና ከእርሻቸው ጋር የሚመሰክርላቸው ቀበሌም ቀረ። በአንጻሩ ሁለት መታወቂያ ከሁለት ቀበሌ ያወጣውን ሰው የሚያጋልጥ ማዕከል አልነበረም። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው የብሔር መጠይቅም በመንገድ ፍተሻ ጊዜ ሰውን በብሔሩ ለመለየት ያገለግል ነበር።

ይህን ሁኔታ ለመለወጥ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የወሳኝ ኩነት ምዝገባንና ብሔራዊ መታወቂያን በአንድነት ደነገገ። የኩነቱ ምዝገባ ሲጀመር መታወቂያው ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ከ11 ዓመት በኋላ የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሌላ መንገድ ተከተለ፤ የማንነት መሠረቱን ከሰፈር አንስቶ አካል ላይ አደረገው። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና ፎቶግራፍ ይወስዳል፤ ብሔርን አይጠይቅም። ሥርዓቱ የታነጸው በሕንድ አገር በባንጋሎር ዓለም አቀፍ የመረጃ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። የተመዘገበ ሰው 12 አሃዝ ያለው ቋሚ ቁጥርና በእርሱ ምትክ የሚያሳየው 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል።

በዚህ ቁጥር ወደ መተግበሪያ መግባት የቆመበት፣ በዓለም ደረጃ አንድ ጊዜ ተመስክሮለት ብዙ በር የሚያልፍበት ጥበብ፣ ማለትም ሲንግል ሳይን ኦን የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤምአይቲ ውስጥ ከተሠራው ከርበሮስ ጀምሮ የራሱ ታሪክ አለው። በእጅ ስልክ ላይ ያለው ችግር ግን ልዩ ነበር። የሌላ ድርጅት መተግበሪያ የመግቢያ ገጹን በራሱ መስኮት ውስጥ ከከፈተ፣ ተጠቃሚው የሚጽፈውን የይለፍ ቃል ማንበብ ይችላል፤ በረኛው የምስክሩን ማኅተም ራሱ ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 የወጣው አርኤፍሲ 8252 የተባለው ሰነድ፣ መተግበሪያዎች መግቢያውን ከራሳቸው ውጭ ባለው ብራውዘር እንዲያስፈጽሙ መከረ። ሌላው አደጋ፣ በዚያው ስልክ ላይ ያለ አንድ ተንኮለኛ መተግበሪያ የሚመለሰውን ኮድ መንገድ ላይ ሊነጥቅ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደነገገው ፒኬሲኢ የተባለው ዘዴ ይህን የፈታው፣ ጥያቄውን ያስጀመረው መተግበሪያ አስቀድሞ የምስጢር አሻራ እንዲልክና በመጨረሻ ምስጢሩን ራሱን እንዲያቀርብ በማድረግ ነው፤ ነጣቂው ኮዱን ቢያገኝም ምስጢሩ የለውም።

በፋይዳ በኩል ይህን የሚያከናውነው ኢሲግኔት ይባላል፤ የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ኦፕን አይዲ ኮኔክት በተባለው ደንብ ነው። ነዋሪው ቁጥሩን ያስገባል፣ በተመዘገበ ስልኩ በአጭር መልእክት የአንድ ጊዜ ኮድ ይደርሰዋል፣ የትኛው መረጃ ለማን እንደሚሰጥ አይቶ ይፈቅዳል፤ መተግበሪያውም በፋይዳው ማዕከል የተፈረመ ምስክርነት ያገኛል። በሞሲፕ ንድፍ ለእያንዳንዱ ድርጅት የሚሰጠው መለያ የተለያየ ስለሆነ፣ ሁለት ድርጅቶች ያንኑ ሰው በመለያው ብቻ ሊያገጣጥሙት አይችሉም። ነዋሪውን ከድርጅቶች የሚጠብቅ ብልህ ሥራ ነው። ከማዕከሉ ግን አይጠብቀውም፤ እያንዳንዱ መግቢያ በማዕከሉ በኩል ስለሚያልፍ፣ ምስክሩ ቃሉ የተነበበበትን በር ሁሉ ማወቅ ይችላል። የጎንደር ቤተ መንግሥት መልእክተኛው ካይሮ ላይ ምን እንደገጠመው ወዲያው ማወቅ አልቻለም፤ የደባርቅ ቀበሌም የሰጠው መታወቂያ የትኛው ባንክ ላይ እንደቀረበ አላወቀም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ አዲስ ዕውቀት ወሰን ለማበጀት የሚያገለግል ሕግ ነው፤ ነገር ግን አዋጁ የወጣው ፋይዳ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

በምዝገባው ጠባይ ላይም ምንጮቹ አይስማሙም። የፕሮግራሙ ኃላፊዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምዝገባው በፈቃድ መሆኑን ሲናገሩ ቆዩ። እ.ኤ.አ. ከ2025 መባቻ ጀምሮ ግን በብሔራዊ ባንክ ትእዛዝ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሂሳብ ያለ ፋይዳ መክፈት አልተቻለም። ሁለቱም እውነት ናቸው ብንል አንሳሳትም፦ ሕጉ ማንንም አላስገደደም፣ በሮቹ ግን አንድ በአንድ ተዘጉ። ግዴታ ከአዋጅ ይልቅ በአገልግሎት ሰጪዎች በኩል ሲመጣ፣ የመጣበትን ቀን ለይቶ መጻፍ ለታሪክ ጸሐፊ አስቸጋሪ ይሆናል።

ዳባት አጠገብ፣ ዓለምዋጭ በተባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፍረዋል። ከትግራይ መጠለያዎች ጦርነት ያፈናቀላቸው እነዚህ ሰዎች ስለ ማንነታቸው የሚመሰክርላቸው የሸሹት መንግሥት አይደለም፤ የኢትዮጵያ የስደተኞች አገልግሎትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ስደተኞች የፋይዳ ቁጥር እንዲያገኙ በተጀመረው ሥራ፣ ቀድሞ በእነዚህ ተቋማት የተያዘ መዝገብ ከአገሩ መዝገብ ጋር ተገናኘ። ባንክና ስልክ ለተከለከለ ሰው ይህ ታላቅ መከፈት መሆኑ አያጠራጥርም። ያም ሆኖ ከአሳዳጅ የሸሸ ሰው የት የት እንደገባ በአንድ ቦታ መመዝገቡ ከሌላው ነዋሪ ይልቅ ለእርሱ ይከብዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ መረብ ሲኖር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ በብራውዘር በኩል ከማዕከሉ ምስክርነት የሚያመጣ መግቢያ ሁሉ ሊዘጋ ግድ ነበር። በንድፉ ውስጥ ለዚህ መውጫ አለ፦ በፋይዳ ካርድ ላይ የታተመው ኪውአር ኮድ፤ አንባቢው መሣሪያ የማዕከሉን ቁልፍ አስቀድሞ ከያዘ ፊርማውን ያለ ኢንተርኔት ያረጋግጣል። በዚህ ጊዜ ካርዱ እንደ ጥንቱ ደብዳቤ ከላኪው ተለይቶ ይጓዛል፣ ላኪውም የት እንደተነበበ አያይም፤ ከጥንቱ የሚለየው ሐሰተኛው በማኅተም ቅርጽ ሳይሆን በሒሳብ የሚለይ መሆኑ ነው። ድርጅቶች ግን በሁለቱ መንገዶች መካከል ሲመርጡ ወደ ማዕከሉ የሚደውለውን ሊመርጡ ይችላሉ፤ ኪውአሩ ካርዱ እውነተኛ መሆኑን እንጂ የያዘው ሰው ባለቤቱ መሆኑን በራሱ አይነግራቸውምና።