ሲበጠስ የሚይዝ ፍሬን

ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚወጡትን ባለተሳቢ የጭነት መኪናዎች ቀርቦ የተመለከተ ሰው፥ ከፊተኛው መኪና ወደ ተሳቢው የሚተላለፉ የአየር ቱቦዎች ያያል። አንደኛው ነጂው ፍሬን ሲረግጥ ትእዛዙን ወደ ኋላ የሚያደርስ ነው። ሌላው፥ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነው፥ ተሳቢውን አየር የሚመግብ ነው። ይህ ቀዩ ቱቦ በጉዞ ላይ ቢበጠስ ተሳቢው ማንም ሳያዝዘው በራሱ ፍሬን ይይዛል። ነገሩ ለሚያስተውለው ሰው እንግዳ ነው፤ የተቆረጠ ነገር ሥራውን ያቆማል እንጂ ሥራ ይጀምራል ተብሎ አይጠበቅምና። አሳቡ የተወለደው በባቡር ሐዲድ ላይ ስለ ሆነ ታሪኩን ከዚያ እንጀምራለን።

ባቡር በተጀመረበት ዘመን ፍሬን የሚያዘው በእጅ ነበር። በአሜሪካ የጭነት ባቡር ላይ ፍሬን ያዦች የተባሉ ሠራተኞች በሚሮጥ ሠረገላ ጣራ ላይ እየተራመዱ መዘውር ያጠብቁ ነበር፤ ከእነርሱም ወድቆ የቀረው ብዙ ነው። በ1869 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት፥ የአልፕስን ተራራ ለመፈልፈል የታመቀ አየር ማገልገሉን ካነበበ በኋላ፥ በዚያው ዓይነት አየር ባቡር ለሚያቆም መሣሪያ የፈጠራ ባለመብትነት ተሰጠው። ነጂው አየሩን ሲለቅ በቱቦ አልፎ የየሠረገላውን ፍሬን ያስይዝ ነበር። ነገር ግን ቱቦው ከተበጠሰ ፍሬን የለም። ዌስቲንግሃውስ ይህን ጉድለት ተመልክቶ በ1872 ሥርዓቱን ገለበጠው። ለእያንዳንዱ ሠረገላ የራሱ የአየር ጋን ተሰጠው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ፍሬኑን ለቅቆ የሚያቆይ ሆነ። አየሩ ሲጎድል፥ በነጂው ፈቃድም ይሁን በመበጠስ፥ ጋኑ ወዲያው ፍሬኑን ያስይዛል።

መድኃኒቱ እንግዲህ ታውቆ ነበር። ሆኖም በ1889 ሰኔ 12 ቀን በሰሜን አየርላንድ፥ በአርማ ከተማ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ቤተሰቦቻቸው ወደ ባሕር ዳር ለሽርሽር ሲሄዱ፥ ወደ 940 መንገደኞች የተሳፈሩበት ባቡር ዳገቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ከፍለው ፊተኞቹን አምስት ሠረገላዎች አስቀድመው ለመውሰድ ተስማሙ። ፍሬኑ አየር በመምጠጥ የሚሠራ ቢሆንም በራሱ የሚይዝ አልነበረም፤ ስለዚህ ቱቦው በተፈታ ጊዜ የኋለኞቹ አሥር ሠረገላዎች በአንድ የእጅ ፍሬንና ከመንኰራኵር ሥር በተደረጉ ድንጋዮች ብቻ ቀሩ። ፊተኛው ክፍል ሲነሣ ጥቂት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ገፋቸው። ድንጋዮቹ ተሰባበሩ፤ አሥሩ ሠረገላዎች ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቁልቁል ሮጠው ከኋላ ይመጣ ከነበረው ባቡር ጋር ተጋጩ። በሮቹ ከውጭ ተቈልፈው ነበር። 80 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ልጆች ነበሩ።

የእንግሊዝ መንግሥት የባቡር መርማሪዎች በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲገባ ለዓመታት መክረው ነበር፤ ለማስገደድ ግን ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ኩባንያዎቹም ወጪውን ይቈጥሩ ነበር። ከአርማ በኋላ ፓርላማው በዚያው በጋ ሕጉን አወጣ። በ1872 የተሠራ መሣሪያ በ1889 ግዴታ ሆነ ማለት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት! እኛን ከአደጋው ይልቅ የሚያስቈጨን ይህ ቍጥር ነው። አሜሪካም በ1893 የባቡር ፍሬንን በሕግ አስገደደች።

ከባቡር ወደ መኪና ተሳቢ የተላለፈው ይኸው አሳብ ነው። በዘመናችን ደግሞ በራዳርና በካሜራ ከፊት ያለውን መሰናክል አይቶ ነጂው ሳይረግጥ የሚያቆም መሣሪያ መጥቷል፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ አዲስ ዓይነት ሆነው ለሚወጡ ከባድ መኪናዎች ግዴታ እየሆነ ሄዷል። ይህ ዓይን ግን የሚያየው ወደ ፊት ብቻ ነው። ፊተኛው መኪና በድንገት ሲቆም የተሳቢው ፍሬን ያረጀ ወይም የላላ ከሆነ፥ ብዙ ኩንታል የተሸከመው ተሳቢ ከኋላ ይገፋና መኪናውን እንደ ቢላዋ ያጥፈዋል። ራዳሩ ያዘዘው ትእዛዝ ወደ ኋላ የሚደርሰው በዚያው በአሮጌው የፍሬን መስመር ነውና፥ ጠንቃቃ ነጂ ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት ረዳቱን ወደ ኋላ ልኮ የቱቦውን ማያያዣ ያስዳስሰዋል፤ ሞተሩንም አጥፍቶ አየር ሲያፏጭ እንዳይሰማ ጆሮውን ይጥላል።