አሳብና እርምጃ፦ በአንጎል ሞገድ የሚታዘዝ ሮቦት ታሪክ ከአዋሽ ሸለቆ ሲታይ



እ.ኤ.አ. በ1973 በሎስ አንጀለስ ዣክ ቪዳል የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከኮምፒውተር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ይቻል እንደሆነ የሚመረምር ጽሑፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት፣ በአዋሽ ከተማና በሰመራ መካከል በሚገኘው ሐዳር፣ ዶናልድ ጆሃንሰን የጥንት ፍጡር የጉልበት መገጣጠሚያ አገኙ። በማግስቱ ዓመት ድንቅነሽ ተገኘች። እነዚህ አፅሞች ቀጥ ብሎ መራመድ ከትልቅ አንጎል እንደሚቀድም አስረዱ፤ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ አንጎል የእኛን ሲሶ ያህል ነበር። እግር፣ አእምሮ እስኪገዝፍ አልጠበቀም።

የሮቦቱም ታሪክ ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። በ1988 በስኮፕዬ ስቴቮ ቦዚኖቭስኪና ባልደረቦቻቸው ሮቦትን በአንጎል ሞገድ አዘዙ። ሰውየው ዓይኑን ሲጨፍን አልፋ የተባለው ሞገድ ይጎላል፣ ሮቦቱም ይሄዳል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ይቆማል። ወለሉ ላይ የተሰመረውን መንገድ የሚከተለው ግን ሮቦቱ ራሱ ነበር። ስለዚህ ሥልጣንን ከማሽን ጋር መጋራት ኋላ የመጣ ማሻሻያ ሳይሆን ከጅምሩ የነበረ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በራስ ቅል ላይ የሚለካው ሞገድ ደካማና በሁካታ የተሞላ በመሆኑ እያንዳንዱን የጎማ ዙር ሊያዝ አይችልም። በ2004 የሆሴ ሚላን ቡድን በስዊዘርላንድ ሮቦትን ከክፍል ወደ ክፍል ባስኬደ ጊዜም ሰው አቅጣጫውን ሲያዝ፣ ከግድግዳ መራቁን ሮቦቱ ይሠራ ነበር።

የአፋር የግመል ቅፍለት መሪ ይህን ያውቀዋል። መነሻውንና መድረሻውን እሱ ይወስናል፤ ኮቴ በየትኛው ድንጋይ መካከል እንደሚያርፍ ግን ለግመሉ ይተዋል። የናሳ ተመራማሪዎችም በ2003 ሰውና ማሽን ሥልጣን የሚጋሩበትን አሠራር በፈረስና በፈረሰኛ መስለው፣ ዛብ እንደ ማጥበቅና እንደ ማላላት አስረድተውታል።

ዛቡ ሲላላ ግን ለድርጊቱ ተጠያቂው ማን ነው? ሰውነቱ የማይታዘዝለትና መናገርም የማይችል ሰው ውኃ ሲፈልግ፣ ማሽኑ ሌላ ነገር ገምቶ ቢያነሣ፣ ሰውየው በምን ይከለክለዋል? የማሽኑ ግምት እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ ትክክል የሚገምት ማሽን ፈቃድ መጠየቅን ይረሳልና። የስኮፕዬው ሙከራ ቀላል ቢሆንም አንድ ነገር አላጓደለም፦ ሰውየው ዓይኑን በገለጠ ጊዜ ሮቦቱ ይቆም ነበር። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ቢኖር፣ አስቀድሞ ማቆሚያውን ይሥራ።