የጆ ሉዊስ የውስጥ መረጃ ግብይት ክስ

የጆ ሉዊስ ክስ የእንግሊዙ ቶተንሃም ሆትስፐር እግር ኳስ ክለብ ባለሀብት የነበረው ቢሊየነር ጆ ሉዊስ፣ በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት በውስጥ መረጃ ግብይት የተከሰሰበት የወንጀል ጉዳይ ነው። ክሱ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. (ጁላይ 2023 እ.ኤ.አ.) ይፋ ሆነ። ሉዊስ በጥር 2016 ዓ.ም. ጥፋተኝነቱን አምኖ በመጋቢት ወር ተፈረደበት፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይቅርታ አገኘ።

ጉዳዩን ከሌሎች የሚለየው የተከሳሹ ሀብት ብቻ አይደለም። በክሱ መሠረት ሉዊስ ምስጢሩን በዋናነት የሰጠው ለሌሎች ሲሆን እነርሱም የግል አብራሪዎቹ፣ ረዳቶቹ፣ ጓደኞቹና የፍቅር ጓደኛው ነበሩ። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ያለው ሰው ለሠራተኞቹ ቸርነት ማድረጉ ለምን ወንጀል ይሆናል የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

የውስጥ መረጃ ግብይት ምንድን ነው?

የውስጥ መረጃ ግብይት ማለት ለሕዝብ ያልተገለጸና የአክሲዮን ዋጋን ሊለውጥ የሚችል መረጃ በሥራው ወይም በኃላፊነቱ ያገኘ ሰው፣ ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታውን ጥሶ አክሲዮን ሲገዛ፣ ሲሸጥ ወይም ሌላው እንዲገዛና እንዲሸጥ ሲጠቁም ነው። በአሜሪካ የክሱ መሠረት በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ግብይት ሕግ ነው።

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በኮልፌ ቀራንዮ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው በአንድ ሰፈር አዲስ መንገድ እንደሚወጣ ከማንም በፊት ዐወቀ እንበል። ለወንድሙ ሹክ ይለዋል፤ ወንድሙም ከአንዲት እናት ቤታቸውን በአሮጌው ዋጋ ይገዛል። በወሩ መንገዱ ሲታወጅ የቤቱ ዋጋ እጥፍ ይሆናል። መረጃውን የሰጠው ሰው አንድ ብር አላገኘም፤ ሻጯ ግን ተጎድተዋል። የቤት ሽያጭ የሚመራው በሌላ ሕግ ስለሆነ ምሳሌው ከአክሲዮን ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ልዩነቱ በአክሲዮን ገበያ ሻጭና ገዥ አለመተያየታቸው ነው። የተጎዳው ሰው መጎዳቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ለዚህም ነው «ምንም አላገኘሁበትም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ የማያስኬደው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ጠቋሚው ተጠያቂ የሚሆነው ከጥቆማው የግል ጥቅም ካገኘ ነው ብሏል። ሆኖም መረጃን ለዘመድ ወይም ለወዳጅ በስጦታ መልክ መስጠትም እንደ ጥቅም ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ ይህንኑ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ አጽንቶታል።

ጆ ሉዊስ

ሉዊስ በ1937 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ለንደን ተወለደ። በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ በአባቱ የድግስና የምግብ አቅርቦት ድርጅት ሥራ ጀመረ፤ ድርጅቱንም አስፋፍቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸጠው። ከዚያ ወደ ባሃማስ ተዛውሮ በውጭ ምንዛሪ ንግድ ተሰማራ። በ1992 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓውንድ ሲወድቅ ብዙ ካተረፉት አንዱ እንደሆነ ይነገራል። ሁልጊዜ ግን አልቀናውም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ቤር ስተርንስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ሲወድቅ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሯል።

ኢኒክ የተባለው የሉዊስ ኩባንያ ቶተንሃምን መቆጣጠር የጀመረው በ2001 እ.ኤ.አ. ከአለን ሹገር ድርሻ በመግዛት ነው። ሉዊስ ስታዲየም ብዙም አይታይም ነበር፤ የዕለት ሥራውን የሚመራው ዳንኤል ሌቪ ነበር። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. የክለቡ ቁጥጥር ወደ ቤተሰቡ አደራ ተቋም ስለተዛወረ፣ ክሱ ሲመሠረት ሉዊስ በወረቀት የክለቡ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ክለቡም ጉዳዩ ከእርሱ ጋር ግንኙነት እንደሌለው አስታውቋል፤ በእርግጥም አልተከሰሰም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ዓይነቱ ባለቤትነት እንግዳ ሊመስል ይችላል። በአገራችን ንግድ ባንክ፣ መድን፣ መቻልና ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ ክለቦች የተቋማት ናቸው፤ ሌሎች ብዙዎችም የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች ነው። ከአጣና ተራ እስከ ቤቴል በዲኤስቲቪ ቤቶች ፕሪምየር ሊግ የሚከታተል ወጣት የተጫዋቾቹን ስም በቃሉ ቢያውቅም የባለቤቶቹን ስም የሚሰማው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ነው።

ክሱ

ሉዊስ ሐምሌ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. (ጁላይ 26 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.) በማንሃተን እጁን ሰጠ። ክሱ 19 ነጥቦች ነበሩት፤ 16ቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ማጭበርበር፣ 3ቱ ደግሞ የሴራ ክሶች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ በ300 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ተለቀቀ። ለዋስትናው የቅንጦት መርከቡና የግል አውሮፕላኑ ተያዙ።

የክሱ ዋና ዋና ድርጊቶች በ2019 እ.ኤ.አ. የተፈጸሙ ናቸው። ይህ ዓመት ቶተንሃም አዲሱን ስታዲየም የከፈተበትና ለቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የደረሰበት ነበር። ሉዊስ በበርካታ ኩባንያዎች ትልቅ ድርሻ ስለነበረው፣ እርሱ ያስመረጣቸው የቦርድ አባላት ምስጢር ይደርሳቸው ነበር። በክሱ እንደተገለጸው ያ ምስጢር ከእነርሱ ወደ እርሱ፣ ከእርሱ ደግሞ ወደ ሌሎች ይተላለፍ ነበር።

ከኩባንያዎቹ አንዱ የካንሰር መድኃኒት የሚሠራው ሚራቲ ነው። ሉዊስ የመድኃኒቱ ሙከራ መልካም ውጤት ማሳየቱን ከሕዝብ በፊት ዐውቆ ለሁለት አብራሪዎቹ ነገራቸው ተብሏል። በጥቅምት ወር አክሲዮን እንዲገዙበት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር አበደራቸው። ከአብራሪዎቹ አንዱ ይህንኑ ብድር ለሌላ ሰው በስልክ መልእክት ጽፎ ስለነበር መልእክቱ በኋላ በክሱ ውስጥ ተካተተ። በሌላ የመድኃኒት ኩባንያ ጉዳይ ደግሞ የያኔ የፍቅር ጓደኛው ከሉዊስ ሰምታ ወደ 700,000 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ገዛች የሚል ክስ ቀርቧል።

ሦስተኛው የከብት ጉዳይ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የደረሰ ጎርፍ ሉዊስ ትልቅ ድርሻ የያዘበትን የከብት እርባታ ኩባንያ ክፉኛ ጎዳው። የኪሳራው ልክ ለሕዝብ ሳይገለጽ አብራሪዎቹ አክሲዮናቸውን እንዲሸጡ ሉዊስ አስጠነቀቃቸው ይላል ክሱ። ከሚራቲው የተለየው እዚህ ላይ ነው፤ በውስጥ መረጃ ከኪሳራ ማምለጥም እንደ ማትረፍ ይቆጠራል። ያን አክሲዮን የገዛው ሰው የሞቱትን ከብቶች አብሮ ገዝቷል።

ሌላው የክሱ ክፍል ስለ ስውር ባለቤትነት ነበር። በአሜሪካ ከአንድ ኩባንያ ከ5 በመቶ በላይ ድርሻ የያዘ ሰው ይህንኑ ማሳወቅ አለበት። ሉዊስ የሚራቲ ድርሻውን በተለያዩ ኩባንያዎች ስም በመያዝ እውነተኛ መጠኑን ደብቋል ተባለ።

የእምነት ቃልና ፍርድ

ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 24 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) ሉዊስ በአንድ የሴራና በሁለት የማጭበርበር ክሶች ጥፋተኛ መሆኑን አመነ። ምስጢር ማካፈሉን፣ ሲያካፍልም ስህተት መሆኑን ያውቅ እንደነበር ለፍርድ ቤቱ ተናግሮ አፈረ። ብሮድ ቤይ የተባለው ኩባንያውም ጥፋተኝነቱን ሲያምን፣ ሁለቱ በድምሩ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ።

መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ዳኛ ጄሲካ ክላርክ ሉዊስ በ5 ሚሊዮን ዶላር መቀጮና ሳይታሰር ለ3 ዓመት በክትትል ሥር በመቆየት እንዲቀጣ ፈረደች። የቅጣት መመሪያው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ እስር የሚያስከትል ነበር። ለማቅለያ የታዩት የ87 ዓመት ዕድሜው፣ የጤናው ሁኔታና አሳልፎ የመስጠት ክርክር ሳይጀምር በፈቃዱ ወደ አሜሪካ መምጣቱ ናቸው። ዐቃቤ ሕግም እስር ይፈረድበት ብሎ አልተሟገተም። ሀብቱ ከሚገመትበት ቢሊዮኖች አንጻር መቀጮው ቀላል ነው ብሎ መሞገት አያስቸግርም።

ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 13 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለሉዊስ ይቅርታ ሰጡት። የቀረበው ምክንያት በአሜሪካ ሕክምና እንዲያገኝና የልጅ ልጆቹን እንዲጎበኝ የሚል ነበር።

የማርክ ኩባን ጉዳይ

ከሉዊስ በፊት በዚሁ ዓይነት ጥፋት የተከሰሰ የስፖርት ባለሀብት የዳላስ ማቨሪክስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ባለቤት የነበረው ማርክ ኩባን ነው። በሰኔ 2004 እ.ኤ.አ. ማማ ዶት ኮም የተባለ የካናዳ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ ኩባንያው አዲስ አክሲዮን በቅናሽ ሊሸጥ መሆኑን ነገረው። ኩባን ወዲያው የነበሩትን 600,000 አክሲዮኖች ሸጠ፤ በዚህም ከ750,000 ዶላር ኪሳራ አምልጧል ሲል የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ተቋም በ2008 እ.ኤ.አ. ከሰሰው። ክሱ ግን የፍትሐ ብሔር እንጂ የወንጀል አልነበረም። ክርክሩ የነበረው ኩባን በስልኩ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ገብቷል ወይ በሚለው ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ በአካል ቀርቦ አልመሰከረም፤ ቃሉ የተሰማው በቪዲዮ ነበር። ጥቅምት 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በዳላስ ጁሪው ኩባንን ነፃ አወጣው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የውስጥ መረጃ ግብይት በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተከልክሏል፤ ተቆጣጣሪውም በዚሁ አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በዚያው ዓመት አንዱን አክሲዮን በ300 ብር በቴሌብር ሲሸጥ ከ47,000 በላይ ሰዎች ገዝተዋል። አክሲዮን ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነው። የባንክ ቦርድ አባል ለአማቹ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ለጓደኛው የሚያወራው የትርፍ ወሬ ከአሁን በኋላ የሚመዘነው በዚህ አዋጅ ነው።