ድርብ ልዩ ፍላጎት

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ስለ እሳተ ገሞራ ሲጠየቅ ቅልጥ ዓለቱ ለምን ወደ ላይ እንደሚገፋ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል፤ መምህሩ ያላሰበውን ጥያቄም ራሱ ያነሳል። ያንኑ ጻፍ ሲባል ግን ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ፣ ሰርዞ ደልዞ፣ ፊደሉ የተዘበራረቀ ሁለት መስመር ያስረክባል። መምህሩ "አይሞክርም" ይላል፤ ቤት ደግሞ "ቢፈልግማ ይችል ነበር" ይባላል።

እንዲህ ያለው ልጅ በእንግሊዝኛ "ትዋይስ ኤክሴፕሽናል" ይባላል። ልዩ ተሰጥኦ ያለው፣ በዚያው ላይ ደግሞ እንደ ዲስሌክሲያ (የንባብ እክል) ያለ የመማር እክል ያለበት ማለት ነው። ትኩረት የማጣት ችግር ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ባለተሰጥኦ ልጆችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። "ሁለት ጊዜ ልዩ" ብንለው ለጆሮ ይጎረብጣል፤ ትርጉሙንም አያስጨብጥም። "ድርብ ልዩ ፍላጎት" የሚለው ይሻላል ባይ ነኝ። "ልዩ ፍላጎት" በትምህርት ቤቶቻችን የተለመደ አነጋገር ነው፤ ባለሙያዎቹም ባለተሰጥኦ ልጆችን ጭምር ያካትቱበታል። ድርብ ሲባል ግን ሁለት ጉዳት እንዳይመስል አደራ፤ አንደኛው ብርታት ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሁለቱ ባሕርያት እርስ በርስ መሸፋፈናቸው ነው። አንዱ ልጅ ያላነበበውን ከሰማው እየገመተ ስለሚመልስ እክሉ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል፤ ንባቡ ሲበዛና ሲከብድ ግን ግምቱ አያዋጣም። ሌላው ደግሞ እክሉ ቀድሞ ይታይና ተሰጥኦውን የሚጠይቅለት ያጣል። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፦ ብርታቱና ድካሙ ተጣፍተው መካከለኛ ተማሪ ይመስላል፤ ማንም ልብ አይለውም። የአእምሮ ችሎታ ፈተናም ሊያሳስት ይችላል። በቃል የማሰብ ውጤቱ 130፣ የሥራ ፍጥነቱ 80 የሆነ ልጅ በአጠቃላይ ውጤቱ ከአማካዩ ከ100 ብዙም ላይርቅ ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ከድምሩ ይልቅ ዝርዝሩን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ድጋፉም በሁለቱም በኩል መሆን አለበት። ለንባቡ ድምፅንና ፊደልን ደረጃ በደረጃ የሚያያይዝ ትምህርት ያስፈልገዋል። እስከዚያው የሚያውቀውን በቃል ይመልስ፣ በኮምፒውተር ይጻፍ፣ መጽሐፉን በድምፅ ይስማ፣ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው። ተሰጥኦውም ተራ መጠበቅ የለበትም። "መጀመሪያ ፊደሉን ያስተካክል" ተብሎ ከሳይንስ ክበብ የሚወጣ ልጅ ጎበዝ የሆነበትን ብቸኛ ቦታ ይነጠቃል። ይህ ድጋፍ ሳይሆን ቅጣት ነው።

አሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውና ኋላ "አይዲያ" የተባለው የፌዴራል ሕግ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ነፃና ተገቢ ትምህርት ያረጋግጣል፤ የመማር እክልም በዚሁ ይካተታል። ልጁ ከክፍል ክፍል እያለፈ ነው ተብሎ ብቻ አገልግሎቱ አይከለከልም። የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴርም በ2015 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ችሎታ ያላቸው ልጆች ከምርመራ እንዳይገለሉ ለክፍላተ ግዛት በጽሑፍ አሳስቧል። የተሰጥኦው ትምህርት ግን በፌዴራል ሕግ ግዴታ ስላልሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

አማርኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው "እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ነው" የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሳይመረመር አይታወቅም። ስለዚህ ምርመራ እንዲደረግለት ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቀን ጻፉበት፤ ቅጂውን አስቀሩ። ጎበዝ የሆነበትንም፣ የሚያቅተውንም በምሳሌ አስረዱ። የትምህርት ዕቅዱ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።