የቡቃያ ጠባቂ ባክቴሪያዎች ታሪክና የቢቸና ዋልካ

ከዓባይ ሸለቆ ወጥቶ በደጀን በኩል ወደ ቢቸና የሚያቀና መንገደኛ በክረምቱ አጋማሽ ቢደርስ ሜዳውን ውሃ አቁሮ ያገኘዋል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ውሃ አያሳልፍም፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬ ሽንብራንና ጓያን የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ አፈሩ አምቆ በያዘው እርጥበት ተማምኖ ነው። ይህ የቆየ ጥበብ አዝመራውን ከውሃ መተኛት ያድነዋል። ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ግን ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። ፊውዛሪየም የተባለው ሻጋታ በሥሩ ገብቶ የውሃ መተላለፊያውን ይዘጋና ሽንብራውን ያጠወልገዋል። ሻጋታው ሽንብራ በሌለበት ማሳ እንኳ እስከ 6 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል እህል ማፈራረቅ ብቻውን መድኅን አይሆንም።

ተክልን በሌላ ሕያው ፍጡር የመርዳት ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ከጥራጥሬ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው ሄልሪገል፣ ጥራጥሬ የአየርን ናይትሮጅን የሚያገኘው በሥሩ ዕባጮች ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት መሆኑን አስታወቀ። ከ2 ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አራባ። በ1896 ደግሞ ኖቤና ሂልትነር «ናይትራጅን» የተባለውን፣ ከዘር ጋር የሚሰጥ ባክቴሪያ ለገበያ አበቁ።

ከእነዚህ መካከል ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ሎሬንዝ ሂልትነር ይመስላል። በ1904 በሥር ዙሪያ ለሚገኘው አፈር «ራይዞስፌር» የሚል ስም ሰጠው፤ ተክል በሽታን የመቋቋም ኃይሉም በዚያ አፈር ውስጥ ባሉት ተሕዋስያን ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው ሲል ገመተ። የሚያስገርመው፣ ይኸው ሰው ቆይቶ የእህል ዘር ከፊውዛሪየም እንዲድን በሜርኩሪ መድኃኒት መታሸቱን ካስፋፉት አንዱ መሆኑ ነው። ሕያው ረዳትና ገዳይ መርዝ ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ወጡ፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታትም ያሸነፈው መርዙ ነበር።

የሂልትነር ግምት በተግባር የታየው ዘግይቶ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ፣ አደላይድ፣ አለን ኬር የኮክ ችግኞችን ሥር ጉዳት በማያደርስ ባክቴሪያ በመንከር የሥር ዕጢ ከሚያመጣው የቅርብ ዘመዱ ጠበቃቸው። በ1978 ክሎፐርና ሽሮት የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የተክል ዕድገት ረዳት የሆኑትን የሥር ባክቴሪያዎች በአንድ ስያሜ ሰበሰቧቸው። የእነዚህ ባክቴሪያዎች የአሠራር ዘዴ ብዙ ነው፤ አንዳንዶቹ በአፈር ውስጥ ያለውን ጥቂት ብረት ቀድመው በመሻማት ሻጋታውን ያስርቡታል፤ ሌሎች ፀረ ሻጋታ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ተክሉን ራሱን ለመከላከል የሚያነቃቁም አሉ።

በኢትዮጵያ፣ ሕያው ማዳበሪያን በጥራጥሬ ላይ የመፈተኑ ሥራ በ1980ዎቹ በግብርና ምርምር ተቋማት ሲካሄድ ቆይቷል፤ በኋላም መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ለገበያ የሚሆነውን ማምረት ጀምሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ቤተ ሙከራዎች ከአገር በቀል ጥራጥሬ ሥር የተለዩ ባክቴሪያዎች ከሻጋታ ጋር ተገጥመው ተፈትነዋል። ሆኖም ወደ ገበሬው እጅ በብዛት የሚደርሰው ናይትሮጅን ሰጪው እንጂ የበሽታ ተከላካዩ አይደለም።

ሕያው ማዳበሪያም ቢሆን ሕያው መሆኑ ራሱ ጣጣ አለው። ዘሩ በስኳር ውሃ ረጥቦ ከዱቄቱ ጋር የሚለወሰው በጥላ ሥር ነው፤ በዚያው ዕለት ተዘርቶ አፈር ካልለበሰ ፀሐይ ይገድለዋል። ፀረ ሻጋታ መድኃኒት በተቀባ ዘር ላይ ቢለወስም ብዙው ባክቴሪያ ይሞታል፤ የሂልትነር ሁለት ልጆች በአንድ ዘር ላይ አይስማሙም። ከከረጢት መግዛት ይልቅ የከበደው፣ ሙቀት ሳያገኘው ከፋብሪካ እስከ ገጠር መጋዘን ማድረሱ ነው።

ከቢቸና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ ሲኬድ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ዘንድ አሲዳማነት የታወቀ ችግር ነው፤ የጥራጥሬ ባክቴሪያ አሲድ በበዛበት አፈር ስለሚመነምን ኖራ ሳይጨመር ከረጢቱን ብቻ ማከፋፈል ወጪን ሜዳ ላይ መበተን ነው። በቢቸና ዋልካ ዋናው ባላንጣ ውሃና ሻጋታ ነው። በሸክላ ማሰሮ በተመከነ አፈር ያሸነፈ ባክቴሪያ በማሳው ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነባር ተሕዋስያን ይጠብቁታልና፣ በሁለቱም አፈር በየራሱ፣ ከአንድ መኸር በላይ ሳይፈተን ለገበሬው ሊሰጥ አይገባም።