ወሎን ለዓለም ያሳዩ የቴሌቪዥን ቅንብሮች

ዘጋቢ ፊልም፣ ሙዚቃና ድራማ መሰል ቅንብር በአንድ ዝግጅት ሲጣመሩ የተመልካችን ስሜት የመግዛት ኃይላቸው ከፍተኛ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ቀዳሚ ማሳያ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የተላለፈው ሥርጭት ሲሆን፣ በምስሉ የታየው የወሎ ሕዝብ መከራ ነበር።

የምስሉ መነሻ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው "ያልታወቀው ረሃብ" የተሰኘ ዘገባ ነው። ዘገባው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ መንግሥት ሸፍኖት የቆየውን ረሃብ ዓለም አወቀ፤ ሕዝቡም ለእርዳታ ገንዘብ አዋጣ።

ደርግ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ፊልሙን እንደገና አቀናበረው። የተራቡ ሕፃናት ከታዩ በኋላ የቤተ መንግሥት ግብዣ ይከተላል፤ ከግብዣው በኋላ ደግሞ ተመልሶ መጠለያው ይመጣል። ዲምብልቢ የቀረጸው ረሃቡን እንጂ ድግሱን አልነበረም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሥርጭቱን እንዲመለከቱ ተነገራቸው፤ በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ከሥልጣን ወረዱ። የቴሌቪዥን ሥርጭት ያኔ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም ነበርና፣ የተቀረጸው ገበሬ ራሱን የማየት ዕድል አልነበረውም።

ቅንብሩ ቁጣን ቀሰቀሰ፤ ገበሬው ለምን እንደተራበ ግን አላስረዳም። ለዚህ ጥያቄ ጠንካራ መልስ የሰጠው የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በወሎ አዝመራው ክፉኛ ቢቀንስም በአገር አቀፍ ደረጃ የምርቱ መጠን ያን ያህል አላሽቆለቆለም። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እንደሚጠበቀው አልናረም። ገበሬው የሚሸጠው ምርት ስላጣ የሚገዛበት ገንዘብም አልነበረው፤ ገዢ ከሌለ ዋጋ ከየት ይወጣል? እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል ነበር። ከሁሉ በላይ የተጎዱት የአፋር አርብቶ አደሮችና የጭሰኛ ቤተሰቦች ናቸው። የተራቡትም ወደ ዋናው መንገድ ወጥተው አውቶቡሶችንና መኪኖችን እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር።

በሐርቡም ሆነ በኮምቦልቻ ገበያ ለሚውል አርሶ አደር ይህ ትምህርት አሁንም ይሠራል፤ የእህል ዋጋ አለመጨመሩ ብቻውን የደኅንነት ምልክት አይደለም። አንድ በሬ ተሸጦ ስንት ኩንታል እህል ይገዛል የሚለው ስሌት ይበልጥ ይናገራል። በረሃብ ዓመት ከብት በርካሽ ሲወጣ ስሌቱ አስቀድሞ ይዛባል። የጭሰኝነት ሥርዓትን የሻረው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣውም ከሥርጭቱ ስድስት ወር ያህል በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1977 ዓ.ም. መጣ። ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያጠናቀሩት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ተላለፈ። ከዚያም አየርላንዳዊው ድምፃዊ ቦብ ጌልዶፍ ያስተባበረው የሙዚቀኞች ዘፈን፣ ቀጥሎም ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተከተሉ። በኮንሰርቱ ላይ የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረጻቸው የረሃብ ምስሎች "ድራይቭ" በተሰኘው የካርስ ባንድ ዘፈን ታጅበው ቀረቡ፤ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊም ለዚህ ሲል ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቷል። ዘፈኑ ስለ ፍቅር ግንኙነት እንጂ ስለ ረሃብ የተጻፈ አይደለም። ልመናው ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል፤ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ይካሄድ የነበረው ጦርነት ለረሃቡ ያደረገውን አስተዋጽዖ ግን ያ ቅንብር አልነገረም።